ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ሎጂክ ምን ይሠራል?

የአማዞን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት አንድ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ዳይናሞዲቢ የሚያወሳ ክፍል አለ። ዳይናሞዲቢ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አባዝቶ የሚያስቀምጥ የዳታ ማከማቻ ነው። ንድፉ በባለሙያዎች ተገምግሟል፣ ኮዱን ሌሎች መሐንዲሶች አይተውታል፣ ሙከራውም በሰፊው ተካሂዷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ንድፉን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት በፈጠረው ቲኤልኤ ፕላስ በሚባል የሎጂክ ቋንቋ ጽፈው በማሽን ሲያስመረምሩት፣ መረጃ ሊያጠፋ የሚችል ስሕተት ተገኘበት። ወደ ስሕተቱ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ እንኳ 35 እርምጃዎች ነበሩት፤ የሰርቨር መውደቅና መነሣት ከሌላ ሥራ ጋር በአንድ በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ ብቻ የሚከሰት ነው።

ሠላሳ አምስት እርምጃ አስቀድሞ በሐሳቡ የሚያይ ሰው የለም። ሙከራም ቢሆን ያንን ቅደም ተከተል ካላጋጠመው ስሕተቱን አያየውም። ሎጂክ ግን ከአጋጣሚ ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚጠይቀው “ይህ ከቶ ሊሆን ይችላል ወይ?” ብሎ ነው።

ቲኤልኤ ፕላስ የሚመረምረው ንድፉን ነው። ኮዱ የሚጻፈው ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው፤ በንድፉና በኮዱ መካከል አዲስ ስሕተት መግባቱ አይቀርም። ታዲያ ሎጂኩ ራሱ ቋንቋው ውስጥ ቢገባስ? ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የተበላሸውን ንግግር ገና ሳይጀመር “ይህ አይሄድም” ብሎ ቢመልሰውስ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ለዚህ የተገኘው መልስ በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ካሉት ውብ ውጤቶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ ብዙም ስላልተጻፈበት ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። የተሰራጨ ሥርዓት የምንለው የጋራ ሜሞሪም ሆነ የጋራ ሰዓት የሌላቸው፣ በኔትወርክ መልእክት ብቻ የሚገናኙ ኮምፒውተሮች ተባብረው አንድ ሥራ ሲሠሩ ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ በስልክ ገንዘብ ስንልክ ቢያንስ የላኪው ስልክ፣ የላኪው ባንክ ሰርቨርና የተቀባዩ ባንክ ሰርቨር ይነጋገራሉ። መልእክቱ ሊዘገይ፣ ሊደገም ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቀድሞ የተላከው ኋላ ሊደርስ ይችላል። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ በመሃል ሊጠፋ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ባልንጀራው ጠፍቶ ይሁን ዘግይቶ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ላምፖርት በ1978 ያሳተመው ጽሑፍ ይህንን ችግር በሦስት ሕጎች አጠራው። በአንድ ማሽን ውስጥ የሚሆኑ ነገሮች ቅደም ተከተል አላቸው። መልእክት መላክ ያንኑ መልእክት ከመቀበል ይቀድማል። ሀ ከለ፣ ለ ደግሞ ከሐ ከቀደመ ሀ ከሐ ይቀድማል። በእነዚህ ሦስት ሕጎች ያልተያያዙ ሁለት ድርጊቶች ካሉ፣ ከሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ የትኛው እንደቀደመ የሚወስን ነገር የለም። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አየርላንድ ባለ ማሽን ላይ ቢሆኑና በመካከላቸው መልእክት ካላለፈ፣ አንዱ የሌላውን ውጤት አይቶ ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ስንጽፍ “መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ” እያልን ነው የምናስበው። እዚህ ግን ያ ልማድ ከሥሩ ይናጋል። ስለዚህ ቋንቋው መያዝ ያለበት በማሽኖቹ መካከል የሚያልፈውን ንግግር ነው፤ ቅደም ተከተል የሚወለደው ከዚያ ነውና።

አሁን ወደ ሎጂኩ እንሂድ። ፕሮግራም የጻፈ ሁሉ ታይፕን፣ ማለትም አንድ ነገር ቁጥር ይሁን ስም ወይም ሌላ ዓይነት የሚገልጸውን ምልክት፣ ያውቃል። ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ስም ስንሰጥ ኮምፓይለሩ ይከለክለናል። ይህ ለብዙዎች ተራ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ትልቅ ነገር አለ። የሎጂክ ሊቃውንቱ ሀስኬል ከሪ በ1934፣ ዊልያም ሀዋርድ ደግሞ በ1969 ተጽፎ በእጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1980 ብቻ በታተመ ጽሑፉ እንዳሳዩት፣ ታይፕና የሎጂክ ዓረፍተ ነገር አንድ ናቸው። “ሀ ከሆነ ለ ይሆናል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሀን ተቀብሎ ለን የሚመልስ ፈንክሽን ታይፕ ነው። ያንን ፈንክሽን መጻፍ ማለት ዓረፍተ ነገሩን ማረጋገጥ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ማስኬድ ደግሞ ማረጋገጫውን ደረጃ በደረጃ ማቅለል ነው።

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ በሒሳብ የጸና ነገር ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው። የሎጂክ ሊቃውንት ስለ ማረጋገጫዎች ያረጋገጡት ነገር ሁሉ ያለ ተጨማሪ ድካም ስለ ፕሮግራሞች እውነት ይሆናል። ታይፑ የተስተካከለ ፕሮግራም መሃል መንገድ ላይ ቀጣዩን እርምጃ አጥቶ አይቆምም የሚለው ዋስትና ከዚህ የሚቀዳ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለአንድ ብቻውን ለሚያሰላ ፕሮግራም ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች ሲነጋገሩ ማረጋገጫው የቱ ነው? ዓረፍተ ነገሩስ? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

በመጀመሪያ የንግግር ሒሳብ ያስፈልግ ነበር። ሮቢን ሚልነር ከዮአኪም ፓሮውና ከዴቪድ ዎከር ጋር በ1980ዎቹ መጨረሻ አዘጋጅቶ በ1992 ያሳተመው ፓይ ካልኩለስ ያንን ሰጠ። በፓይ ካልኩለስ ዋናው ድርጊት አንድ ነው፤ በቻናል፣ ማለትም በመገናኛ መስመር፣ ላይ ስም መላክና መቀበል። የሚላከው ስም ራሱ የሌላ ቻናል ስም ሊሆን ስለሚችል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በሥራ ላይ እያለ ይለዋወጣል። ደንበኛ ወደ አንድ ሰርቨር ደውሎ “ከዚህ በኋላ ከእገሌ ጋር በዚህ መስመር ቀጥል” ሲባል የሚሆነው ይኸው ነው። መደበኛ ፈንክሽኖችን ሁሉ በዚህ ብቻ መግለጽ እንደሚቻል ሚልነር ራሱ አሳይቷል። ሆኖም ነፃነቱ ለከት የለውም። ሁለቱም ወገን የሚጠብቁበት፣ ሁለቱም የሚልኩበት፣ አንዱ ቁጥር ልኮ ሌላው ፊደል የሚጠብቅበት ፕሮግራም ያለ ከልካይ ይጻፋል።

ኮሄይ ሆንዳ የተባለው ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1993 ሥርዓት አመጣ። ሐሳቡ ሴሽን ታይፕ ይባላል። ለአንድ ቻናል ታይፕ ስንሰጠው “በዚህ ላይ ቁጥር ያልፋል” ብለን አናበቃም፤ ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንጽፈዋለን። ለገንዘብ ማስተላለፊያችን ስናወጣው የስልኩ ወገን ታይፕ ይህን ይመስላል፦ የሒሳብ ቁጥር ላክ፤ ከዚያ የገንዘቡን መጠን ላክ፤ ከዚያ ባንኩ ከሁለት አንዱን እስኪመርጥ ጠብቅ፤ “አልፏል” ካለ የደረሰኝ ቁጥር ተቀብለህ ጨርስ፣ “በቂ ሒሳብ የለም” ካለ ወዲያው ጨርስ። የባንኩ ወገን ታይፕ የዚህ ግልባጭ ነው። “ላክ” ያለው “ተቀበል” ይሆናል፤ “ምርጫ ጠብቅ” ያለው “ምረጥ” ይሆናል። ኮምፓይለሩ ሁለቱ ግልባጮች መሆናቸውን ያጣራል። ስልኩ “በቂ ሒሳብ የለም” የሚለውን መልስ የሚቀበል ኮድ ካልጻፈ፣ ፕሮግራሙ ከናካቴው አይሠራም። በተራ ቋንቋ ግን ያ ጉድለት የሚታወቀው አንድ ደንበኛ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ስልኩ ሲደርቅበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የቻናሉ ታይፕ ንግግሩ በገፋ ቁጥር ይለዋወጣል። የሒሳብ ቁጥሩ ከተላከ በኋላ ያው ቻናል “የገንዘብ መጠን ላክ” የሚል ሌላ ታይፕ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች ያንኑ ቻናል ከያዙ ነገሩ ይበላሻል፤ አንዱ ገና መጀመሪያ ላይ ነን ሲል ሌላው ጨርሶታል። አንዱ ወገን ቻናሉን መሃል ላይ ቢጥለውም ሌላው ለዘላለም ሲጠብቅ ይኖራል። ቻናል እንግዲህ በአንድ እጅ ብቻ የሚያዝ፣ የማይባዛና የማይጣል መሆን አለበት። ሆንዳና ባልደረቦቹ ይህንን ሕግ ያስገቡት ስለሚያስፈልግ ነበር።

ያው ሕግ በሌላ በኩል፣ ከኔትወርክ ጋር ምንም ባልተያያዘ ቦታ፣ ቀድሞ ተወልዶ ነበር። ፈረንሳዊው የሎጂክ ሊቅ ዣን ኢቭ ዢራር በ1987 ሊኒየር ሎጂክን አቀረበ። በተለመደው ሎጂክ አንዴ እውነት የሆነ ነገር መቶ ጊዜ ብንጠቀምበት አያልቅም። “ሰው ሁሉ ሟች ነው” የሚለውን ለዛሬም ለነገም እንጠቀምበታለን፤ ባንጠቀምበትም አይጠይቀንም። ዢራር እነዚህን ሁለት ፈቃዶች፣ ማባዛትንና መጣልን፣ ነሣ። በእሱ ሎጂክ እያንዳንዱ መነሻ ሐሳብ በትክክል አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ይውላል። በኪሳችን አንድ የመቶ ብር ኖት ብቻ ቢኖር እንደማለት ነው፤ “በመቶ ብር ዳቦ ይገዛል”፣ “በመቶ ብር ስኳር ይገዛል” የሚሉት ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ዳቦውንም ስኳሩንም ይዤ እገባለሁ ማለት አይቻልም። ኖቱ አንዴ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው።

ከዚህ የተነሣ በተለመደው ሎጂክ አንድ የሆነው “እና” ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው “እና” ሁለቱም ነገሮች በእጅ አሉ የሚል ነው፤ ዳቦም ስኳርም። ሁለተኛው “እና” ሁለቱም ይቻላሉ፣ የምትወስደው ግን አንዱን ነው፣ ምርጫው ያንተ ነው የሚል ነው። ደግሞም ምርጫው የሌላው ወገን የሆነበት “ወይም” አለ። እንደ ልብ መባዛት የሚችሉ ነገሮችን የሚለይ ልዩ ምልክትም አለ። በተለመደው ሎጂክ “ማን ነው የሚመርጠው?” የሚል ጥያቄ ቦታ የለውም። እዚህ ግን የሎጂኩ ዋና አካል ሆነ። ለሁለት ወገኖች ንግግር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ወሳኝ ጥያቄ የለም።

ሁለቱ መንገዶች በ2010 ሙሉ በሙሉ ተገናኙ። የሊዝበኑ ሉዊስ ካይሬስና የካርኔጊ ሜሎኑ ፍራንክ ፌኒንግ ሴሽን ታይፖች የሊኒየር ሎጂክ ዓረፍተ ነገሮች ራሳቸው መሆናቸውን አሳዩ። ፊሊፕ ዎድለር በ2012 ያንኑ ሐሳብ በዢራር የመጀመሪያው፣ ክላሲካል በሚባለው ሎጂክ ላይ አቆመው። ግጥጥሞሹ ያስደንቃል። “ሀ ከሆነ ለ” ማለት ሀን ተቀብለህ ከዚያ እንደ ለ ቀጥል ማለት ነው። “ሀ እና ለ፣ ሁለቱም በእጅ” ማለት ሀን ላክና እንደ ለ ቀጥል ማለት ነው። ምርጫው ያንተ የሆነበት “እና” ሰርቨሩ ዝርዝር አቅርቦ ደንበኛው ሲመርጥ ነው። ምርጫው የሌላው የሆነበት “ወይም” ደግሞ ባንኩ “አልፏል” ወይም “የለም” ሲል ነው። የሚባዛው ምልክት የተሰጠው ዓረፍተ ነገር ስንት ደንበኛ ቢመጣ ለእያንዳንዱ አዲስ ንግግር የሚከፍት ሰርቨር ነው። ዢራር ይህንን ሎጂክ ሲያወጣ ሆንዳ ሴሽን ታይፕን ገና አላሰበውም ነበር፤ ሆንዳም በዋናነት የተነሣው ከፕሮግራሞች ንግግር እንጂ ከማረጋገጫ ቅርጽ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ከተለያየ አቅጣጫ ቆፍረው አንድ ምንጭ ላይ ሲደርሱ፣ ምንጩ የሰው ፈጠራ አለመሆኑን ያስረዳል ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ የምወደው ክፍል ግን የሚቀጥለው ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ጌንዘን በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ዘመናዊ ኮምፒውተር ሳይኖር፣ ማረጋገጫዎች የሚጻፉበትን አንድ ሥርዓት አበጅቶ ነበር። በውስጡ ካት የሚባል ሕግ አለ፦ አንዱ ማረጋገጫ ሀን ካረጋገጠ፣ ሌላው ደግሞ ሀን እንደ መነሻ ይዞ ለን ካረጋገጠ፣ ሁለቱን አጋጥመን ለን እናገኛለን። ሒሳብ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ መጀመሪያ አንድ ረዳት ውጤት ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይጠቀምበታል። ጌንዘን ያረጋገጠው ትልቅ ነገር ካት ከማንኛውም ማረጋገጫ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሊወገድ መቻሉን ነው። ዢራርም ለሊኒየር ሎጂክ ያንኑ አረጋገጠ። አሁን በካይሬስና በፌኒንግ ዓይን እንየው። ሀን የሚያረጋግጠው ሀ የተባለውን ንግግር የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ሀን የሚጠቀመው ደንበኛው ነው። ካት ማለት ሁለቱን በአንድ ቻናል ማገናኘት ነው። ካትን የማስወገድ እያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ አንድ መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ ነው።

ካትን ማስወገድ ሁልጊዜ የሚቀጥል እርምጃ ስላለው፣ ንግግሩም ሁልጊዜ የሚቀጥል እርምጃ አለው። ዴድሎክ የለም። ሁለት ሰርቨሮች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ደርቀው የሚቀሩበት፣ መሐንዲሶችን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣው በሽታ፣ ታይፑ በተስተካከለ ፕሮግራም ውስጥ ሊፈጠር አይችልም። ምክንያቱን በዓይነ ኅሊና ማየትም ይቻላል። ዴድሎክ ክብ ያስፈልገዋል፤ እኔ አንተን በአንድ መስመር እጠብቃለሁ፣ አንተ እኔን በሌላ መስመር ትጠብቃለህ። ካት ግን ሁለት ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው በአንድ መስመር ብቻ ነው። በካት ብቻ የተገጣጠሙ ፕሮግራሞች ሁሉ የዛፍ ቅርጽ ይይዛሉ፤ ዛፍ ውስጥ ደግሞ ክብ የለም።

ዋጋው ግን አለ፣ መደበቅም አያስፈልግም። ክብ የሆነ ግንኙነት ሁሉ ክፉ አይደለም። ሦስት ሰርቨሮች በክብ እየተቀባበሉ መልካም ሥራ የሚሠሩበት ብዙ ፕሮቶኮል (የንግግር ደንብ) አለ፤ ንጹሑ ሎጂክ እነዚያንም ይከለክላል። ከዚህም የሚከብደው እሽቅድምድም ነው። ለአንድ የቀረ የአውሮፕላን መቀመጫ ሁለት ሰዎች እኩል ቢጠይቁ አንዱ ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም፤ ውጤቱ የማን መልእክት ቀድሞ በደረሰ ላይ ይወሰናል። በዚህ ሎጂክ ግን የማንኛውም ፕሮግራም ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ እሽቅድምድም የሚባል ነገር የለም። ገሐዱ ዓለም ደግሞ እሽቅድምድም የሞላበት ነው። ስቴፋኒ ባልዘርና ፌኒንግ በ2017 አንድን ሰርቨር ብዙዎች ተራ በተራ ይዘው የሚለቁበትን መንገድ ወደ ታይፑ አስገቡ። ይህ ሲሆን የዴድሎክ ዋስትናው ላላ፤ እሱን መልሶ ለማጥበቅም ተጨማሪ ጥናት ጠየቀ። ይህ በእኔ እይታ የሎጂኩ ድክመት አይደለም። የጋራ ንብረት የት ላይ አደጋ እንደሚያመጣ በትክክል መጠቆሙ ራሱ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ከሁለት በላይ ሲሆኑስ? ሆንዳ፣ ኖቡኮ ዮሺዳና ማርኮ ካርቦኔ በ2008 ያቀረቡት መፍትሔ ቀላልና ብልህ ነው። መጀመሪያ ንግግሩን በሙሉ ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አንድ ላይ ይጽፉታል፦ ስልኩ ለላኪው ባንክ፣ የላኪው ባንክ ለተቀባዩ ባንክ፣ የተቀባዩ ባንክ ለስልኩ። ከዚያ ከዚህ አንድ ጽሑፍ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ድርሻ በራሱ ይወጣል። ሁሉም ድርሻውን ከጠበቀ፣ ጠቅላላው ንግግር እንደተጻፈው ይሄዳል። እያንዳንዱ ማሽን ሌሎቹ እንዴት እንደተጻፉ ማየት አያስፈልገውም። ሆንዳ በ2012 አረፈ፤ የጀመረው መስመር ግን ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እየሰፋ ነው።

ሌላው የሎጂክ ቅርንጫፍ ስለ ቦታ ይናገራል። ሞዳል ሎጂክ “እዚህ እውነት ነው”፣ “በሁሉም ዓለም እውነት ነው”፣ “በሆነ ዓለም እውነት ነው” እያለ ይለያል። ቶም መርፊና ባልደረቦቹ በካርኔጊ ሜሎን በ2004 ዓለማቱን በኮምፒውተሮች ተኩ። በሁሉም ዓለም እውነት የሆነ ነገር ወደ የትኛውም ማሽን ተልኮ የሚሠራ ኮድ ነው። በሆነ ዓለም እውነት የሆነ ነገር ደግሞ ሩቅ ማሽን ላይ ያለ ነገር አድራሻ ነው። በአንድ ማሽን ዲስክ ላይ ያለን ፋይል ሌላ ማሽን ላይ እንዳለ አድርጎ ለመክፈት መሞከር እንግዲህ የታይፕ ስሕተት ይሆናል። ከዚህ የተወለደው ኤምኤል ፋይቭ የተባለው ቋንቋ ብራውዘሩንና ሰርቨሩን እንደ ሁለት ዓለም ይዞ አንድ ፕሮግራም ለሁለቱም ያጽፋል።

እስካሁን ያየነው ሎጂክ ንግግርን እንዴት እንደሚገራ ነው። ጨርሶ መነጋገር የማያስፈልገው መቼ እንደሆነ የሚነግረን ሎጂክም አለ፤ ለሥራ ዓለም ይህኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ማሽኖች ተጠባብቀው እስኪስማሙ መቆም በተሰራጨ ሥርዓት ውስጥ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ከባዱ ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ሄለርስታይን በ2010 አንድ ግምት አቀረበ፤ ቶም አሜሉት፣ ፍራንክ ኔቨንና ያን ቫን ደን ቡሽ የተባሉ የቤልጂየም ተመራማሪዎች በ2011 አረጋገጡት። ካልም ይባላል። የሚለውም ይህ ነው፦ አንድ ፕሮግራም ሳይጠባበቅ ትክክለኛ መልስ ላይ ሊደርስ የሚችለው መልሱ ሞኖቶኒክ ሲሆንና ሲሆን ብቻ ነው። ሞኖቶኒክ ማለት አዲስ መረጃ ሲመጣ የተናገሩትን የማያሳጥፍ ማለት ነው።

በገንዘብ እንየው። “በዚህ የማስተላለፊያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጥቷል ወይ?” ለሚለው ጥያቄ፣ ሁለቱ ወጪዎች ከታዩ መልሱ “አዎ” ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም መልእክት ቢመጣ “አዎ” ወደ “አይ” አይመለስም። ማሽኑ ማንንም ሳይጠብቅ መናገር ይችላል። አሁን ደግሞ አንድ ሺሕ ብር ካለበት ሒሳብ ላይ ሁለት ሰዎች በሁለት ኤቲኤም በአንድ ጊዜ ስምንት ስምንት መቶ ብር ጠየቁ እንበል። “በቂ ሒሳብ አለ” ማለት “ሌላ ማንም አላወጣም” ማለት ነው። ይህ አሉታ ነው፤ ዘግይቶ የሚደርስ አንድ መልእክት ያፈርሰዋል። ስለዚህ የግድ መጠባበቅ ያስፈልጋል። የትኛውም ብልሃት፣ የትኛውም ፈጣን ኔትወርክ ይህንን አይቀይረውም። ልዩነቱ ያለው “አለ” በሚለውና “የለም” በሚለው የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ላይ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠራው ብሉም የተባለው የበርክሌይ ቋንቋ ፕሮግራሙን አንብቦ መጠባበቅ የሚያስፈልግበትን መስመር ለይቶ ያሳያል። የሥርዓት ንድፍ የሚሠራ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ፣ በንድፉ ውስጥ “የለም”፣ “አልሆነም”፣ “ሁሉም” የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ቦታዎች እየፈለገ እንዲያሰምርባቸው እመክራለሁ።

የቀረው ውድቀት ነው። ከላይ ያየነው የሴሽን ታይፕ ዋስትና ሁሉ ማሽኖቹ በሕይወት እንደሚቆዩና መልእክት እንደሚደርስ አድርጎ ያስባል። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 እንዳረጋገጡት፣ መልእክት ምን ያህል እንደሚዘገይ ወሰን በሌለበት ሥርዓት አንድ ማሽን እንኳ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ፣ ዕጣ የማይጠቀም የትኛውም ፕሮቶኮል ሁልጊዜ ወደ ስምምነት እንደሚደርስ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ፓክሶስና ራፍትን የመሳሰሉት ዛሬ በየዳታ ሴንተሩ የሚሠሩ ፕሮቶኮሎች ይህንን ያልፉታል እንዳይባል፤ የሚሰጡት ዋስትና ሁለት የተለያየ ውሳኔ ፈጽሞ እንደማይወሰን ነው። ውሳኔው የሚደርሰው ግን ኔትወርኩ ሲረጋጋ ነው።

ቋንቋዎች ለውድቀት የሰጡት ምላሽ ይለያያል። በ1980ዎቹ በኤሪክሰን የተወለደው ኧርላንግ የወደቀው ይውደቅ፣ ሌላው ይጠብቀውና ያስነሣው ብሎ ተነሣ፤ ለስልክ ማዞሪያዎች ይህ በሚገባ ሠርቷል፣ በታይፕ ግን አልተደገፈም። በ2015 የመጀመሪያው ቋሚ እትም የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ አንድን ነገር ለሌላ አሳልፈው ከሰጡ በኋላ መልሶ መጠቀምን ይከለክላል፣ መጣልን ግን ይፈቅዳል። በዢራር አነጋገር ከሁለቱ ፈቃዶች አንዱን ብቻ ነሥቷል። ስለዚህ በረስት የተጻፈ የሴሽን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ቻናልን ከማባዛት ይጠብቀናል፤ መሃል ላይ ከመጣል ግን በኮምፓይለሩ ብቻ አይጠብቀንም። ሳይመን ፋውለርና ባልደረቦቹ በ2019 በሊንክስ ቋንቋ ያሳዩት ሌላ መንገድ ነው። አንዱ ወገን ንግግሩን ቢያቋርጥ የያዛቸው ቻናሎች ሁሉ እንደተሰረዙ ይመዘገባል፤ በሌላኛው ጫፍ የሚጠብቀው ወገን ለዘላለም ከመጠበቅ ይልቅ ስሕተት ይደርሰዋል፣ ያንን የሚይዝ ኮድም አስቀድሞ ይጽፋል። እዚያ ላይ ማቋረጥ ራሱ በታይፑ የታወቀ የንግግሩ ክፍል ሆኗል፤ ንግግሩ ይቀጥላል የሚለው ዋስትናም ከነማቋረጡ ተረጋግጧል። ማሽኑ መውደቁን ሌላው እንዴት ያውቃል የሚለው ግን አሁንም ለሰዓትና ለግምት የተተወ ነው። ስንት ሰከንድ ጠብቀን ሞቷል እንበል ለሚለው ሎጂክ ቁጥር አይሰጥም፤ ያንን የሚወስነው ኔትወርኩን የሚያውቀው መሐንዲስ ነው።